በአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ያሸነፉት ሽልማት ታክስ፦ ከመፈረም እስከ መክፈል

በአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ላይ መኪና፣ የመርከብ ሽርሽር ወይም ጥሬ ገንዘብ ያሸነፈ ሰው የሽልማቱን ዋጋ ያህል ተጨማሪ ገቢ እንዳገኘ ይቆጠራል። የአገሪቱ የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 74 ሽልማት በጠቅላላ ገቢ ውስጥ እንደሚካተት ይደነግጋል፤ የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስም ለግብር ከፋዮች በሚያወጣው መመሪያ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ የጥያቄና መልስ ውድድሮችን በስም ጠቅሶ አስቀምጧቸዋል። ሽልማቱ ዕቃ መሆኑ፣ በዕድል መገኘቱ ወይም አሸናፊው በገዛ ገንዘቡ ፈጽሞ የማይገዛው ነገር መሆኑ ግዴታውን አያስቀርም።

ከአገር ቤት የመጣ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ በቀላሉ የሚሳሳትበት ምክንያት አለ። በኢትዮጵያ የዕድል ጨዋታ ታክስን ከፋዩ ድርጅት ቀንሶ ያስቀረዋል፤ ባለዕድሉ እጅ የገባው ገንዘብ ሁሉ የራሱ ነው። በአሜሪካ ግን የአገሪቱ ነዋሪ ከሆነ ተወዳዳሪ ሽልማት ላይ የፌዴራል ታክስ በአብዛኛው አስቀድሞ አይቀነስም። ዕዳው የሚመጣው ወራት ቆይቶ፣ ደስታው ካለፈና ገንዘቡ ለቤተሰብ ተልኮ ወይም ለሌላ ጉዳይ ውሎ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው በኤፕሪል ታክስ ሲሠራ ሳይሆን ሽልማቱን ለመቀበል ከመፈረም በፊት ነው። ቀጥሎ ያለው መመሪያም ክብደቱን እዚያው ላይ ያደርጋል። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የታክስ እርከኖቹም፣ ማለትም ገቢ ሲጨምር ከፍ እያሉ የሚሄዱት የታክስ መጠኖች፣ ለ2025 ዓ.ም. ገቢ የሚያገለግሉት ናቸው።

አንደኛ፦ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ

ቀረጻው እንዳለቀ አሸናፊው የሽልማት ዝርዝር፣ የዶላር ዋጋና የፊርማ ቦታ ያለባቸው ወረቀቶች ይቀርቡለታል። ከእነዚህ ጋር የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የሚሞላበት ፎርም ደብልዩ-9 ይገኛል። ይህን ፎርም በትክክል መሙላት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን ያልሰጠ ወይም የተሳሳተ ቁጥር የሰጠ ሰው ከሚከፈለው ላይ 24 በመቶ ሊያዝበት ይችላል።

በዚህ ደረጃ ብዙ ሰዎች የማያውቁት አንድ መብት አለ፤ ሽልማትን እንቢ ማለት ይቻላል። የአይአርኤስ መመሪያ እንደሚለው ተወዳዳሪው አልቀበልም ያለውን ሽልማት ዋጋ በገቢው ውስጥ ማካተት የለበትም። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው ይፈቀድ ወይም አይፈቀድ እንደሆነ የሚወስኑት የውድድሩ ደንቦች ስለሆኑ ይህን በቀጥታ ይጠይቁ። ነገር ግን እንቢታው ሽልማቱን ከመረከብ በፊት መገለጽ አለበት። ተረክበው ለወንድምዎ ቢሰጡት ግን ታክሱ የእርስዎ ሆኖ ይቀራል፤ ሕጉ የሚያየው ማን እንዳሸነፈና ማን እንደተቀበለ ነው።

ከዚህ ሌላ አራት ነገሮችን በዚያው ቀን ማጣራት ይገባል። የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ በስንት እንደተመዘገበ፣ በዕቃው ፈንታ ጥሬ ገንዘብ መውሰድ ይቻል እንደሆነ፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚደርስ፣ እንዲሁም ፕሮግራሙ የተቀረጸበት ክፍለ ግዛት ምን ያህል ታክስ አስቀድሞ እንደሚይዝ ይጠይቁ። ጥሬ ገንዘብ የመምረጥ ዕድል ካለ፣ መጠኑ ትንሽ ዝቅ ያለ ቢሆንም እንኳ፣ ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ታክሱ የሚከፈለው በገንዘብ እንጂ በመኪና አይደለም።

የዚህ ዓይነቱ ችግር በሰፊው የታወቀው በውድድር ሳይሆን በስጦታ ነበር። በሴፕቴምበር 2004 ኦፕራ ዊንፍሪ በፕሮግራሟ ለታደሙ 276 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው አዲስ የፖንቲያክ ጂ6 መኪና ስትሰጥ፣ የሽያጭ ታክሱንና የሰሌዳ ምዝገባውን ወጪ የመኪናው አምራች ችሎት ነበር። የገቢ ታክሱ ግን የተቀባዮቹ ነበር፤ እንደየገቢያቸውም አንዳንዶቹ እስከ 7,000 ዶላር ገደማ ሊከፍሉ የሚገባቸው ሆነው ተገኙ። ማንም አላታለላቸውም፤ በእርከኑ ልክ የሚመጣውን ግን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛ፦ የሽልማቱን እውነተኛ ዋጋ ይወቁ

ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ዋጋው ራሱ ነው። የዕቃ ወይም የጉዞ ሽልማት ሲሆን ግን ታክስ የሚከፈልበት ተገቢ የገበያ ዋጋው ነው፤ ይህም ለመሸጥ ያልተገደደ ሻጭና ለመግዛት ያልተገደደ ገዥ ሁለቱም ሁኔታውን አውቀው የሚስማሙበት ዋጋ ማለት ነው። በመድረኩ ላይ የሚነገረው ዋጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ ያወጣው የችርቻሮ ዋጋ ነው። ማንኛውም መኪና የገዛ ሰው እንደሚያውቀው በሁለቱ መካከል የሺህ ዶላሮች ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ያ ልዩነትም በቀጥታ ታክስ ይጨምራል።

ይህ ክርክር የቆየ ነው። በ1948 አንድ ሰው ከሬዲዮ ፕሮግራም ስልክ ተደውሎለት የዘፈን ስም በትክክል በመመለሱ ከኒው ዮርክ እስከ ቦነስ አይረስ የሚያደርሱ ሁለት የአንደኛ ማዕረግ የመርከብ ደርሶ መልስ ትኬቶችን አሸነፈ። ትኬቶቹ ለሌላ ሰው የሚተላለፉ አልነበሩም። እሱም ከመርከብ ድርጅቱ ጋር ተነጋግሮ ትንሽ ገንዘብ በመጨመር በዝቅተኛ ማዕረግ ለባለቤቱና ለሁለት ልጆቹ ጭምር ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ በሚወስዱ አራት ትኬቶች ለወጣቸው። በታክስ ሪተርኑ፣ ማለትም በየዓመቱ በሚቀርበው የታክስ ማስታወቂያ ላይ የሽልማቱን ዋጋ 520 ዶላር አድርጎ ሲያስመዘግብ፣ መንግሥት ደግሞ የትኬቶቹ መደበኛ ዋጋ 2,220 ዶላር ነው ብሎ ተከራከረ። የታክስ ፍርድ ቤቱ በ1954 በሰጠው ውሳኔ ቤተሰቡ በገዛ ገንዘቡ እንዲህ ያለውን የቅንጦት ጉዞ እንደማያደርግና ትኬቶቹም ገደብ ያለባቸው መሆኑን አይቶ 1,400 ዶላር እንዲሆን ወሰነ። በ1962 በተወሰነ ሌላ ጉዳይ ደግሞ አንድ ሠራተኛ በሽያጭ ውድድር ያገኘውን ሊንከን መኪና ወዲያው በሌላ መኪናና በጥሬ ገንዘብ ለውጦት ነበር፤ አሠሪው 4,453 ዶላር ያወጣበትን መኪና ፍርድ ቤቱ 3,900 ዶላር አድርጎ ተመነው።

ከእነዚህ ውሳኔዎች ማንም ሰው እንደፈለገ ዋጋ መቀነስ ይችላል የሚል ትምህርት መውሰድ አይገባም። የሚያሳዩት በማስረጃ የተደገፈ ዝቅተኛ ዋጋ ተቀባይነት ሊያገኝ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ማስረጃውን ሽልማቱ በሚደርስበት ሳምንት መሰብሰብ ያስፈልጋል። መኪና ከሆነ በአካባቢዎ ካሉ ሻጮች ለዚያው ሞዴልና ለዚያው ዓመት በጽሑፍ የተሰጠ የሽያጭ ዋጋ ይያዙ፤ የመኪና ዋጋ የሚገምቱትን የኬሊ ብሉ ቡክንና የኤድመንድስን የዋጋ ግምት ቀኑ እንዲታይ አድርገው ያትሙ። ጉዞ ከሆነ ለተመሳሳይ ቀናትና ለተመሳሳይ የክፍል ደረጃ አየር መንገዱና ሆቴሉ የሚያስከፍሉትን ዋጋ ከድረ ገጻቸው ላይ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። የጉዞ ሽልማት ለሁለት ሰው ከሆነ የአጃቢዎ ድርሻም በእርስዎ ገቢ ላይ እንደሚታሰብ አይርሱ። ዕቃውን ወዲያው ከሸጡት ደግሞ ለማያውቁት ገዥ የሸጡበት ደረሰኝ ከሁሉ የበለጠ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ፦ ከመቀበልዎ በፊት ያስሉ

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ መሳሳት የሚመጣው ሽልማቱን ለብቻው ነጥሎ ከማየት ነው። ሽልማቱ የሚደመረው ከደመወዝ በላይ ስለሆነ ታክሱ የሚታሰበው ደመወዙ ካቆመበት እርከን ጀምሮ ነው።

በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ያላገባችና በሥሯ የምታስተዳድረው ሰው የሌላት፣ በ2025 በዓመት 52,000 ዶላር ደመወዝ ያገኘች ሴት በካሊፎርኒያ በተቀረጸ ውድድር ላይ 28,000 ዶላር የሚያወጣ መኪናና 8,000 ዶላር የሚያወጣ ጉዞ አሸነፈች እንበል። ከደመወዟ ላይ መደበኛው ተቀናሽ፣ ማለትም ሕጉ ታክስ ሳይታሰብበት እንዲነሣ የሚፈቅደው 15,750 ዶላር ሲነሣ ታክስ የሚታሰብበት ገቢዋ 36,250 ዶላር ይሆናል። ላላገባ ሰው የ12 በመቶው እርከን የሚያበቃው 48,475 ዶላር ላይ ስለሆነ ከሽልማቱ 12,225 ዶላር በ12 በመቶ ታስቦ 1,467 ዶላር ይመጣል። ቀሪው 23,775 ዶላር በ22 በመቶ ሲታሰብ 5,230 ዶላር ተኩል ይሆናል። የፌዴራል ታክሱ ጭማሪ በጠቅላላ ወደ 6,700 ዶላር ይጠጋል።

በዚህ ላይ የሜሪላንድ 4.75 በመቶና የሞንጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ ሲጨመሩ ሌላ 2,862 ዶላር ይመጣል። ለካሊፎርኒያ የሚከፈለው ታክስ ቀጥሎ እንደሚገለጸው ከዚህ ላይ የሚቀነስ ስለሆነ ድምሩን በእጅጉ አይለውጠውም። እንግዲህ ይህች ሴት አንዲት ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሳትቀበል ከ9,500 ዶላር በላይ ማዘጋጀት ይኖርባታል።

አሁን ጉዞውን ብቻ ነጥለን እንየው። የ8,000 ዶላሩ ጉዞ ሙሉ በሙሉ በ22 በመቶው እርከን ላይ ስለሚያርፍ የፌዴራል ታክሱ 1,760 ዶላር፣ የክፍለ ግዛቱና የካውንቲው ደግሞ 636 ዶላር፣ በድምሩ 2,396 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ራሷን መጠየቅ ያለባት «ነጻ ጉዞ እወዳለሁ ወይ?» ብላ ሳይሆን «ወደዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን ለመሄድ 2,396 ዶላር እከፍላለሁ ወይ?» ብላ ነው። መልሷ አልከፍልም ከሆነና ደንቡ ከፈቀደ ጉዞውን ትታ መኪናውን መውሰድ ምንም ነውር የለበትም። እያንዳንዱን ሽልማት በዚህ ዓይነት ለየብቻ መመዘን በዚህ መመሪያ ካለው ምክር ሁሉ የሚበልጠው ነው።

ተወዳዳሪዎች ወደ ቀረጻው ለመሄድ ያወጡትን የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ ከሽልማቱ ላይ ለመቀነስ ይፈልጋሉ። ይህ አይፈቀድም። እንዲህ ያሉ ልዩ ልዩ ወጪዎችን በዝርዝር የመቀነስ መብት ከ2018 ጀምሮ ታግዶ ቆይቶ በ2025 በወጣው ሕግ ለዘለቄታው ቀርቷል። ተወዳዳሪው ገንዘብ አስይዞ ስላልተጫወተ ሽልማቱ የቁማር ገቢ አይደለም፤ ስለሆነም በካዚኖ ወይም በሎተሪ የተከሰረ ገንዘብ ከእሱ ላይ ሊቀነስ አይችልም።

አራተኛ፦ ፕሮግራሙ የተቀረጸበትን ክፍለ ግዛት አይርሱ

«ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት» በግሌንዴል፣ «ጄፓርዲ» እና «ዊል ኦቭ ፎርቹን» ደግሞ በካልቨር ሲቲ ይቀረጻሉ። ሁለቱም ከተሞች በካሊፎርኒያ ስለሚገኙ ክፍለ ግዛቱ በዚያ የተገኘውን ሽልማት ከራሱ ምንጭ እንደመጣ ገቢ ቆጥሮ ነዋሪ ያልሆነውንም አሸናፊ ታክስ ያስከፍላል። ነዋሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጠው ክፍያ በዓመት ከ1,500 ዶላር በላይ ሲሆን ከፋዩ 7 በመቶ ይይዛል። ሽልማቱ ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ይቀነሳል፤ ዕቃ ከሆነ ግን አሸናፊው ዕቃውን ከመረከቡ በፊት ይህን ገንዘብ ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ከላይ ባለው ምሳሌ 36,000 ዶላር ላይ 7 በመቶ 2,520 ዶላር ነው።

ይህ 7 በመቶ የመጨረሻው ታክስ ሳይሆን በቅድሚያ የተያዘ ነው። የተያዘውን መጠን የሚያሳየው ፎርም 592-ቢ ሲደርስዎ አስቀምጡት፤ ቀጥሎም ነዋሪ ላልሆኑ የተዘጋጀውን የካሊፎርኒያ ሪተርን፣ ማለትም ፎርም 540ኤንአርን ማቅረብ አለብዎት። ትክክለኛው ታክስ ከተያዘው ካነሰ ትርፉ ይመለስልዎታል። መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ስለሚያጋጥም ሪተርኑን «ተቀንሶልኛል» ብሎ መተው የራስን ገንዘብ መተው ነው።

ሁለት ክፍለ ግዛቶች አንድን ገቢ ሁለት ጊዜ እንዳያስከፍሉ የሚያገለግለው ክሬዲት፣ ማለትም ለአንዱ የተከፈለው ከሌላው ታክስ ላይ የሚቀነስበት መንገድ ነው፤ አጠያየቁ ግን እንደሚኖሩበት ቦታ ይለያያል። የሜሪላንድ ነዋሪ ለካሊፎርኒያ የከፈለውን ታክስ በሜሪላንድ ፎርም 502ሲአር ላይ ይጠይቃል። በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰጠው ውሳኔ በኋላ ክሬዲቱ በካውንቲው ታክስ ላይም እንዲሠራ ሆኗል። በቨርጂኒያ ያለው አሠራር ግን ተቃራኒ ስለሆነ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ የሚኖሩ ወገኖቻችን በተለይ ሊያስተውሉት ይገባል፤ የቨርጂኒያ ነዋሪ ክሬዲቱን የሚጠይቀው በራሱ ክፍለ ግዛት ሪተርን ላይ ሳይሆን በካሊፎርኒያው ሪተርን ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ታክስ ሠሪ በተሳሳተው ሪተርን ላይ ሊሞላውና ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል። እንደ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን ስቴት ደመወዝ ላይ የገቢ ታክስ በማይከፈልበት ቦታ የሚኖር ሰው ደግሞ ክሬዲቱን የሚቀንስበት ታክስ ስለሌለው የካሊፎርኒያው ክፍያ በሙሉ ተጨማሪ ወጪ ይሆንበታል።

አምስተኛ፦ ታክሱን በዓመቱ ውስጥ ይክፈሉ

ሽልማቱ ገቢ የሚሆነው በተረከቡበት ዓመት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሽልማቱን የሚሰጡት ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ ስለሆነ በኦክቶበር የተቀረጸ ውድድር ሽልማት በሚቀጥለው ዓመት ሊደርስ ይችላል። ይህ መዘግየት ለአሸናፊው ጠቃሚ ነው፤ ቀኑን ካወቁ ገንዘብ ለማጠራቀም ጊዜ ያገኛሉ።

በሪተርኑ ላይ የሚቀረው ዕዳ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ በዓመቱ ውስጥ በቂ ታክስ ባለመክፈል ቅጣት ሊመጣ ይችላል። ከዚህ የሚያድኑ ሁለት መለኪያዎች አሉ። በዓመቱ ውስጥ የተከፈለው የዘንድሮውን ታክስ 90 በመቶ ወይም ያለፈውን ዓመት ታክስ 100 በመቶ ከሸፈነ ቅጣት የለም፤ ያለፈው ዓመት ገቢዎ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ ሁለተኛው መለኪያ 110 በመቶ ይሆናል። ከደመወዝዎ የሚቀነሰው ታክስ ያለፈውን ዓመት ዕዳ የሚሸፍን ከሆነ እንግዲህ ቀሪውን በኤፕሪል መክፈል ይችላሉ፤ ሆኖም ገንዘቡን በተለየ ሒሳብ አስቀምጠው ይጠብቁ።

የማይሸፍን ከሆነ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በፎርም 1040-ኢኤስ መሠረት ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 ወይም በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15 ከሚውሉት ቀነ ገደቦች መካከል ሽልማቱን ከተረከቡ በኋላ በሚመጣው ላይ ግምታዊውን ታክስ መክፈል ነው። ሽልማቱ በዓመቱ መጨረሻ ከደረሰ ገቢው በየሩብ ዓመቱ እኩል እንዳልመጣ የሚያስረዳውን የፎርም 2210 ስሌት መሙላት ያስፈልጋል። ሁለተኛውና ለደመወዝተኛ ቀላል የሆነው መንገድ ለአሠሪዎ አዲስ ፎርም ደብልዩ-4 ሰጥተው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከደመወዝዎ ተጨማሪ ታክስ እንዲቀነስ ማድረግ ነው። ከደመወዝ የተቀነሰ ታክስ በመጨረሻው ወር እንኳ ቢቀነስ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ስለሚቆጠር ቅጣቱን በደንብ ይከላከላል።

ስድስተኛ፦ ፎርሙ ሲደርስዎ

ከፋዩ ድርጅት ሽልማቱን በፎርም 1099-ሚስክ ሣጥን 3 ላይ ጽፎ በጃንዋሪ መጨረሻ ይልካል። እስከ 2025 ድረስ ፎርሙን ለመላክ የሚያስገድደው መጠን 600 ዶላር ሲሆን ከ2026 ጀምሮ ለሚደረጉ ክፍያዎች ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ይህ ለውጥ የሚመለከተው የከፋዩን ወረቀት የመላክ ግዴታ ብቻ ነው፤ ፎርም ያልመጣበት የ900 ዶላር ሽልማትም ታክስ ይከፈልበታል። በ«ጄፓርዲ» ሁለተኛ ለወጣ ሰው የሚሰጠው 3,000 ዶላርና ለሦስተኛው የሚሰጠው 2,000 ዶላርም እንዲሁ ገቢ ናቸው።

ሽልማቱ የፌዴራሉ ሪተርን በሆነው በፎርም 1040 አባሪ፣ በስኬጁል 1 ላይ ሽልማቶች በሚለው መስመር 8አይ ላይ ይሞላል። ከእሱ በላይ ባለው የቁማር መስመር ላይ አይሞላም፤ በስኬጁል ሲ ላይም ፈጽሞ መግባት የለበትም። ስኬጁል ሲ የግል ሥራ ገቢ የሚሞላበት ስለሆነ አንድ ጊዜ የተገኘ ሽልማት እዚያ ከገባ 15.3 በመቶ የሚደርስ የግል ሥራ ታክስ ያለ አግባብ ይጨመርበታል። ኡበር የሚነዱ ወይም የራሳቸው ሥራ ያላቸው ሰዎች ስኬጁል ሲ አስቀድሞ ስላላቸው ይህ ስሕተት ይበልጥ ያሰጋቸዋል፤ ታክስ ሠሪው ጋ ሲሄዱ 1099ኙን ከሥራው ወረቀቶች ለይተው ይስጡት።

በፎርሙ ላይ ያለው ዋጋ ከሰበሰቡት ማስረጃ ጋር የማይጣጣም ከሆነ በመጀመሪያ ለከፋዩ ድርጅት በጽሑፍ ማስረጃውን አያይዘው እንዲያስተካክል ይጠይቁ። ካላስተካከለ ትክክለኛ ነው የሚሉትን ዋጋ ከማብራሪያ ጋር ማቅረብ ይችላሉ። አይአርኤስ ሪተርኑን ከፋዩ ከላከው ፎርም ጋር በኮምፒውተር ስለሚያመሳክር ልዩነቱን የሚጠይቅ ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል፤ ደብዳቤው ክስ ሳይሆን ጥያቄ ስለሆነ በቀነ ገደቡ ውስጥ ማስረጃውን አያይዞ መመለስ ይበቃል። ያለ ማስረጃ ቁጥሩን መቀነስ ግን ከዕዳው ሌላ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

ሰባተኛ፦ ሽልማቱ ሌሎች ጥቅሞችን እንዳይነካ ይጠንቀቁ

ማርኬትፕሌስ በሚባለው የጤና መድን የገበያ ማዕከል በኩል በመንግሥት ድጎማ መድን የሚገዙ ቤተሰቦች ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። ድጎማው የሚሰላው በዓመቱ ገቢ ስለሆነ የመኪና ሽልማት በመዝገብ ላይ ገቢን ከፍ ያደርጋል። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ በትርፍ የተከፈለ ድጎማ ያለ ገደብ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ሕጉ ስለተለወጠ ሽልማቱን እንደተረከቡ ወዲያው ለገበያ ማዕከሉ ማሳወቅ ይገባል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠው ክሬዲትም ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል። የምግብ ወይም ሌላ በገቢ ላይ የተመሠረተ እርዳታ ያለው ሰው ከመፈረሙ በፊት እርዳታውን የሚሰጠውን ቢሮ ይጠይቅ። አሸናፊው ልጅ ከሆነ ሽልማቱ የልጁ ገቢ ነው፤ ከሥራ ያልተገኘ ገቢው በ2025 ከ2,700 ዶላር ካለፈም ትርፉ በወላጆቹ እርከን ሊታሰብ ይችላል።

ስምንተኛ፦ መሸጥ፣ መስጠትና ወደ አገር ቤት መላክ

ሽልማቱን በኋላ ሲሸጡ እንደ ግዢ ዋጋ የሚቆጠረው በገቢነት ያስመዘገቡት መጠን ነው። በ28,000 ዶላር ያስመዘገቡትን መኪና ሁለት ዓመት ነድተውት በ20,000 ዶላር ቢሸጡት ትርፍ ስለሌለ ታክስ የለበትም፤ የግል መገልገያ ስለሆነ ግን ኪሳራውም አይቀነስም።

ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእህት ገንዘብ መላክ መልካም ነገር ነው፤ ታክሱን ግን አይቀንሰውም። በ2025 ለአንድ ሰው ከ19,000 ዶላር በላይ የሰጠ ደግሞ የስጦታ ሪተርን የሆነውን ፎርም 709 ማቅረብ ይኖርበታል፤ ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው የሚከፍለው የስጦታ ታክስ አይኖርም። በኢትዮጵያ ላለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር በቀጥታ የተላከ ገንዘብ ከታክስ አይቀነስም። በአሜሪካ ለተመዘገበና እውቅና ላለው ድርጅት የተሰጠ ብቻ፣ ያውም ለ2025 ገቢ ወጪዎን በዝርዝር ሲያቀርቡ፣ ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ለዘመድ ቃል ከመግባትዎ በፊት የታክሱን ድርሻ ለይተው ያስቀምጡ፤ ቃሉም ከሚቀረው ላይ ይሁን።

ለጉብኝት መጥቶ የተወዳደረና በታክስ ሕግ ነዋሪ የማይባል ሰው ደንቡ ይለይበታል። ከሽልማቱ 30 በመቶ ይያዝበታል፤ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌለም ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ይህን የሚቀንስለት ውል አያገኝም። ወረቀቱም 1099 ሳይሆን ፎርም 1042-ኤስ ነው፤ ሪተርኑ ደግሞ 1040-ኤንአር። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን እንደ ዜጋው ሁሉ ከላይ በተገለጸው መንገድ ይስተናገዳል።

መክፈል ካልቻሉ

ገንዘቡ በኤፕሪል 15 ያልሞላለት ሰው ሪተርኑን ሳያቀርብ መቅረት የለበትም። ያለማቅረብ ቅጣት በየወሩ ያልተከፈለው ታክስ 5 በመቶ ሆኖ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ ያለመክፈል ቅጣት ግን በየወሩ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። በሰዓቱ ካቀረቡና የክፍያ ስምምነት ከፈረሙ ይህ ወደ ሩብ በመቶ ዝቅ ይላል፤ ወለዱ ግን ይቀጥላል። ዕዳቸው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ሰዎች ወርሃዊ የክፍያ ስምምነቱን በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ራሳቸው ማመልከት ይችላሉ። በአጭር ጊዜ ለመጨረስ ለሚችል ደግሞ እስከ 180 ቀን የሚሰጥ ስምምነት አለ፤ ለዚህም የማመልከቻ ክፍያ የለም።

የሽልማቱን ዝርዝር ወረቀት፣ የዋጋ ማስረጃዎቹን፣ 1099ኙን፣ የካሊፎርኒያውን 592-ቢና የክፍያ ደረሰኞቹን ሪተርኑ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ሦስት ዓመት ያቆዩ። መኪናውን ወይም ሌላውን ዕቃ ካልሸጡት ደግሞ ያስመዘገቡትን ዋጋ የሚያሳየው ወረቀት ዕቃው በእጅዎ እስካለና ከተሸጠም በኋላ ሦስት ዓመት እስኪያልፍ ድረስ አብሮ ይቀመጥ።